የአሥር ሰዓት አበባ

ሚዛን ተፈሪ የገባሁት በዝናብ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ በጭቃ ተለውሶ ነው። ከቦንጋ ወዲህ አውቶቡሱ እየተቀረቀረ፣ ተሳፋሪው እየወረደ እየገፋ ነበር የመጣነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ ያ ሁሉ አረንጓዴ እንግዳ ነገር ነበር። ኮረብታው፣ ሸለቆው፣ የሰው ጓሮ፣ አጥሩ ሳይቀር ቅጠል ነው። ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ዕጣ ስናወጣ ከፋ ክፍለ ሀገር ሲደርሰኝ እናቴ ለቅሶ ቤት እንዳለች ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሸኝታኛለች። እኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ለማስተማር ቸኩዬ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ሰፊ ግቢ፣ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ላቦራቶሪ ተብሎ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ነበረን፤ ሌንሱን ግን የአገሩ እርጥበት ሻጋታ አልብሶት ምንም አያሳይም። ስለዚህ ባዮሎጂ ማለት ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አብዛኞቹ ቤታቸው የሚናገሩት ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ወይም ካፊኛ ነው፤ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው፣ መጽሐፉ የተጻፈበት እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስተኛቸው። እንዲያም ሆኖ ቃል በቃል ሸምድደው ይመጣሉ። ፈተናቸውን ሳርም አንዳንዴ የራሴን ድምፅ መልሼ የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ስለ ዘር ውርስ የምናስተምርበት ምዕራፍ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት በአውሮፓ አንድ መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየተከለ እንዴት እንዳዳቀለ ነገርኳቸው። ወይን ጠጅ አበባ ያለውን አተር ከነጭ አበባ ካለው ጋር አዳቀለ። ከሁለቱ የተገኙት ልጆች ሁሉም ወይን ጠጅ ሆኑ፣ ነጩ ጠፋ። የእነዚያን ዘር መልሶ ሲተክል ግን የልጅ ልጆቹ ላይ ነጩ ተመልሶ መጣ፤ ከአራት አንዱ ነጭ ሆነ። ይኼን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ፊት ለፊት ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አነሳች።

ይህችን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቻታለሁ፤ ላለማየት አይቻልም። ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯ የደረቀ ሣር የሚመስል፣ ዓይኗ ብርሃን ሲመታት የሚርገበገብ ነው። ከመስኮቱ ራቅ ብላ፣ ከሰሌዳው ግን ቀረብ ብላ ትቀመጣለች። መጽሐፍ ስታነብ አፍንጫዋን ታስነካለች። እናቷም አባቷም ጠይም የቤንች ተወላጆች ናቸው። ልጆቹ "ፈረንጇ" ይሏታል፤ አስተማሪዎቹም በአስተማሪዎች ማረፊያ ውስጥ በዚሁ ስም ሲጠሯት ሰምቻለሁ።

"ቲቸር፣" አለች፣ "ነጩ የት ቆይቶ ነው የሚመለሰው?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የሚያወሩት እንኳ አቆሙ። እኔ ለምን ጸጥ እንዳሉ ወዲያው አልገባኝም፤ መጽሐፉ የሚለውን ብቻ መለስኩ። "የትም አልሄደም። ልጆቹ ውስጥ ነበር። ሌላው ቀለም ስለሸፈነው ነው ያልታየው።"

"በዓይንዎ አይተውታል?"

"አላየሁም" አልኳት። እውነት ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የተማርነው በወረቀት ነው።

"ታዲያ እኛ አገርም እንደዚያ ይሠራ እንደሆነ በምን እናውቃለን?"

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአራት ዓመት ትምህርቴ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። "እንትከልና እንይ" አልኳቸው። ያን ስል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብን አላሰብኩም።

መጀመሪያ አተር ሞከርን። ዘመዶቹ ጌጫ ደጋው ላይ የሚያርሱ ተማሪ አንድ ጭብጥ አተር አመጣልን። ሚዛን ግን ለአተር ይሞቃል፣ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም፤ ገና ሳያብብ ሥሩ በሰበሰ። ሌላ ተክል ማሰብ ነበረብኝ። የዘር ውርስን የሚያጠኑ ሰዎች ለምን አበባ ያለው ተክል እንደሚወዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረናል። ተክሉ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፣ ቶሎ ያፈራል፣ ወንዴና ሴቴው አንድ አበባ ውስጥ ስለሆነ ማን ከማን እንደተወለደ መቆጣጠር ይቻላል። እሱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ደግሞ ስለ ሌላው ፍጡር ብዙ ነገር ይረዳል፤ ላም ወይም ሰው እስኪወልድ ሳይጠብቅ።

የምፈልገው ተክል ለካ በየቀኑ የማልፈው የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነበር። ደማቅ ቀይ አበባ ያለው፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። ቀን ሙሉ እንደተዘጋ ውሎ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ይከፈታል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲበረታ ይጠወልጋል። ተማሪዎቹ የአሥር ሰዓት አበባ ይሉታል፤ ሲከፈት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ማለቁን ያውቁበታል። ነጩን ደግሞ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው አንዲት የጉራጌ ሴት ከሱቃቸው ደጃፍ ተክለውታል። ዘር ስጠይቃቸው ገርሟቸው "ነጩን? ሰው ቀዩን ነው የሚወደው" አሉኝ። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ጥቁር፣ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የምታክል ሻካራ ዘር ናት።

መሬት ማግኘቱ ነበር ከባዱ። ያኔ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሙሉ ለምርት ዘመቻ ተከፋፍሎ በቆሎና ጎመን ተተክሎበታል፤ ማምረታችን ደግሞ በየስብሰባው ሪፖርት ይደረጋል። ዳይሬክተራችን ከወሎ የመጡ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካኪ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ ቁራጭ መሬት ጠየቅኋቸው።

"ለምን?" አሉኝ።

"ለአበባ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "አንቺ ልጅ፣ ነገ የፓርቲው ሰው መጥቶ ይኼ ምንድነው ሲለኝ አበባ ነው ልበለው?"

"ጋሼ፣ ሳይንስ ነው ይበሏቸው። የዘር ማሻሻል ትምህርት ነው። የቡና ምርምር የሚሠሩትም የሚጀምሩት አበባ በእጃቸው በማዳቀል ነው። ልጆቹ ይኼን ካዩ ነገ ቡናውንም ያዳቅላሉ።"

ቡና ስል ትንሽ ለስለስ አሉ። በዚያ አገር ለቡና የማይለሰልስ ሹም የለም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ በቆሎ እምቢ ያለበትን ጠባብ መሬት ሰጡኝ። "በቆሎውን የነካ ልጅ ካለ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ነጩና ቀዩ ሲያብቡ የማዳቀሉን ሥራ ጀመርን። ሥራው ቀላል ይመስላል። ነጩን አበባ ገልጠን ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ነቅለን እናወጣለን፤ የራሱን ሴቴ እንዳያዳቅል። ከዚያ ከቀዩ አበባ የወንዴውን ዱቄት ወስደን የነጩ ሴቴ ላይ እናስነካለን። ንብና የእሳት ራት እንዳይገባበት ከአሮጌ የፈተና ወረቀት በሠራነው ትንሽ ከረጢት እንሸፍነዋለን። አንዱ አበባ አንድ ፍሬ ብቻ ስለሚሰጥ ልጆቹ ለቀናት ከክፍል በኋላ እየቆዩ ሠሩ። ያገኘነውን ዘር ተክለን ጠበቅን።

ሲያብብ አብዛኛው ነጭ ሆነ። ነጭ፣ ልክ እንደ እናቱ። መጽሐፉ በዚህ አበባ ቀይና ነጭ ሲዳቀሉ ሁሉም ሮዝ ይሆናሉ ይላል፤ ሮዝ የሆኑት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው አዩኝ። "ቲቸር፣ እኛ አገር አይሠራም ማለት ነው" አለ አንዱ፤ በክፋት አልነበረም። ዳይሬክተሩም በዚያው ሲያልፉ ቆም ብለው አይተው ሄዱ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። መጽሐፉ እንዳልተሳሳተ አውቃለሁ፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። የት እንደሆነ ግን አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ገና ሰንደቅ ዓላማ ሳይሰቀል ወደ አበባ መደባችን ስሄድ ያቺን ልጅ አገኘኋት። ኮፍያዋን ወደ ኋላ ገፍታ፣ አንድ ያልተከፈተ እምቡጥ ዓይኗ ሥር ይዛ ታያለች። ፀሐይ ስለሚጎዳት ለብቻዋ የምትመጣው ጠዋት ጠዋት ነው። ሩቅ አታይም፤ የምታስጠጋውን ነገር ግን እንደ እሷ ልቅም አድርጎ የሚያይ አልነበረንም።

"እኛ የምንነቅለው ከተከፈተ በኋላ ነው" አልኳት፣ ለራሴ እንደማወራ ሁሉ።

"ከተከፈተ በኋላ ዱቄቱ ወጥቷል። ትናንት ጣቴ ላይ ቀርቶ አየሁት። ይኼኛው ግን ገና ነው" አለችና እምቡጡን ሰጠችኝ።

በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። የወንዴው ጭንቅላቶች እንደተዘጉ ናቸው፤ ዱቄት የለም። ነገሩ እዚያው ገባኝ። እኛ ደርሰን ወንዴውን ስንነቅል አበባው ራሱን በራሱ አዳቅሎ ጨርሷል። እምቡጡን ጠዋት፣ ሳይከፈት ማጽዳት፣ ወዲያው መሸፈን፣ ዱቄቱን ደግሞ በአሥር ሰዓት ማምጣት ነበረብን። ለሁለታችንም ግልጽ ሲሆንልን ተያይተን ሳቅን።

ክረምቱ አለፈ። በአዲሱ ዓመት ልጆቹ አሥራ አንደኛ ክፍል ገቡ፤ እኔም አብሬያቸው እንድገባ ዳይሬክተሩን ለመንኩ። እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ እምቡጡን የምታጸዳው እሷ ሆነች። ጎህ ሲቀድ፣ ጭጋጉ ከኮረብታው ሳይገለጥ፣ ጤዛ ላይ ተንበርክካ ወረንጦዋን ይዛ ትሠራለች። ሌሎቹ ልጆች ከረጢት ያቀብሏታል። በስሟ መጥራት የጀመሩት መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። አንድ ጠዋት ብቻ "ፈረንጇ" የሚለውን ከሰማሁ እንደቆየሁ አስተዋልኩ።

የተከልነው አዲስ ዘር ጥር ላይ አበበ። አንድም ነጭ አልነበረም፤ አንድም ቀይ አልነበረም። መደቡ ሙሉ ሮዝ ነው፤ ልጆቹ በየረድፉ እየሮጡ የተለየ ፈለጉ፣ አጡ። እኔ ትልቅ ሰው መሆኔን ረስቼ አብሬ ሮጫለሁ። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። የአንዱን አበባ አንገት ይዛ ቆማለች። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ወደ እኔ መጣች።

"ነጭና ቀይ ሲገናኙ ነጭ አይወለድም ማለት ነው" አለች።

"አዎ። በመሐል ያለው ነው የሚወለደው።"

"እኔ ስወለድ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ፈረንጅ ነበር፤ ከእሱ ነው አሉ። ከእሱ ብሆን ሮዝ ነበርኩ።"

ከእኔ ጋር ስለ ራሷ ስታወራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በጥያቄዋ ክፍሉን ጸጥ ያሰኘው ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አበባ ሰው እንዳልሆነ፣ በሰው ላይ ነገሩ ትንሽ እንደሚለይ ነገርኳት። እንደ እሷ ያሉ ሰዎች አልቢኖ እንደሚባሉ፣ በየአገሩ፣ በየዘሩ እንደሚወለዱ፣ ከሁለቱም ወላጅ ተደብቆ የመጣ ነገር ካልተገናኘ እንደማይወለዱ ነገርኳት። ፈረንጅ አባት ቢኖራት ክልስ እንጂ እንደዚህ እንደማትሆንም አረጋገጥኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ "የዚህን ዘር መቼ ነው የምንተክለው?" አለች።

እናቷ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ገበያ ላይ ኮረሪማና ጎደሬ የሚሸጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን የሚሉትን በደንብ ያውቃሉ። ልጃቸውን ፀሐይ ላይ እያሠራኋት መስሏቸው ሊቆጡኝ ነበር የመጡት። ጠዋትና ማታ ብቻ እንደምትሠራ ሳስረዳቸው ቁጣቸው በረደ። በዚያው መደቡን አሳየኋቸው። ሮዙን አበባ በመዳፋቸው ደግፈው አዩት።

"አባቷ ቴፒ ነው" አሉኝ። "ቡና እርሻ፣ ትራክተር ይነዳል። ልጅ አየ፣ ሄደ። ዘመዶቹ ተናገሩ፣ እሱ ሰማ። እኔ አልተናገርኩም። ምን ብዬ እናገራለሁ? ሰው የሚያየው ቆዳ ነው።"

ስለ አበባው፣ ውስጡ ስለተደበቀው ነጭ ነገርኳቸው። ይገባቸው እንደሆነ እየተጠራጠርኩ ሳስረዳ እሳቸው ቀደሙኝ። "እኔ ውስጥ ነበረ። እሱም ውስጥ ነበረ።"

"አዎ።"

"ልጄ፣ ይኼን ለእሱ ንገሪልኝ።"

 አስተማሪ በሰው ትዳር ምን አገባት? እያሰብኩ ሳለ ልጅቷ ከኋላችን "እኔ እነግረዋለሁ" አለች።

የሮዞቹ እምቡጦች በከረጢት ተሸፍነው ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያዳቅሉ ተደረገ። ዘሩን ሚያዝያ ላይ ተከልን። ሰኔ መጨረሻ የወላጆች ቀን ነበር። ዳይሬክተሩ የምርት ዘመቻውን ውጤት ለሕዝቡና ለሹማምንቱ ሊያሳዩ ሲዘጋጁ የእኛንም መደብ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት፤ ሮዙን ካዩ ጀምሮ ሐሳባቸው ተለውጧል። አንድ ችግር ነበር። ፕሮግራሙ ጠዋት ነው፣ አበባው የሚከፈተው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። እንዴት እናድርግ ስላቸው ትንሽ አስበው "የመጨረሻ እናደርጋችኋለን። ንግግሩ እንደሆነ አያጥርም" አሉኝ።

እንዳሉት ሆነ። መዝሙር ተዘመረ፣ መፈክር ተሰማ፣ ከአውራጃው የመጡት ሹም ስለ እርሻ ተናገሩ፣ ቀጠሉ፣ ደግሞም ቀጠሉ። ምሳ ተበልቶ እንደገና ስለ ትምህርት ተናገሩ። በሕይወቴ የንግግር መርዘም ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሰማዩም ደመናማ ነበር፤ አበባው ከሰዓቱ ትንሽ ቀድሞ ተከፈተ።

ሕዝቡ በቆሎውንና ጎመኑን አይቶ ወደ እኛ ሲመጣ ልጆቹ መደቡን ከበውታል። ሦስት ረድፍ ነው። ፊተኛው ረድፍ ላይ ቀዩና ነጩ፣ መካከለኛው ላይ ሮዞቹ፣ ኋለኛው ላይ አዲሶቹ። አዲሶቹ ቀይም፣ ሮዝም፣ ነጭም ነበሩ፤ ከሁሉም ሮዙ ይበዛል። ቁጥሩ እንደ መጽሐፉ ልክ ባይሆንም ቀረብ ያለ ነበር። እነዚያን ነጮች ከአጠገባቸው ቆሜ ሳይ ደረቴ ሞላ። እኛ አገርም ይሠራል።

እንድታስረዳ የመረጧት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ አይደለሁም። ኮፍያዋን አድርጋ፣ ዘንግ ይዛ ወጣች። መጀመሪያ በቤንችኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ተናገረች። "እነዚህ አያቶቹ ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። እነዚህ ልጆቹ ናቸው፤ ነጭ የለባቸውም። እነዚህ የልጅ ልጆቹ ናቸው። ነጩን ማንም አላመጣውም። አባቱም እናቱም ነጭ አይደሉም፤ ግን ከሁለቱም ወስዶ ነው የተወለደው።"

በቤንችኛ ስትለው ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከፊት የቆሙት እናቷ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። ያኔ ከኋላ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ የእርሻ ሠራተኛ ቱታ የለበሰ ሰው ልጠይቅ ብሎ እጁን አነሳ። እናትየው ድምፁን ሰምተው ዞር አላሉም፤ ግን አንገታቸው ሲደርቅ አየሁና ማን እንደሆነ አወቅሁ። ልጅቷ ራሷ ቴፒ በሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር በኩል መልእክት ልካለት ኖሯል።

"ንብ ከሌላ ጓሮ አምጥታው እንደሆነስ?" አለ በአማርኛ።

የአገሩ ሰው ሁሉ፣ ቤንችኛ የሚያውቀውም የማያውቀውም፣ ምን እንደጠየቀ ገብቶታል። እኔ ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ዳይሬክተሩ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።  እሷ ጎንበስ ብላ ከአንድ ሮዝ ተክል ላይ ገና ያልተነሳ የወረቀት ከረጢት ፈታችና ከፍ አድርጋ አሳየች።

"እምቡጡን ሳይከፈት በዚህ ሸፍነነዋል። ዘሩ እስኪደርስ አልገለጥነውም። ንብ አልገባም። ሌላ ጓሮ የለበትም" አለች። መካከለኛውን ረድፍ በዘንጓ ጠቆመች። "ቀይ እናት ከነጭ አባት ብትወልድ ልጇ እንደ እነዚህ ሮዝ ነበር የሚሆነው።"

ሰውየው እጁን አወረደ። ከአውራጃው የመጡት ሹም፣ ነገሩ ስለ አበባ ብቻ መስሏቸው፣ አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። የሱቋ ሴትዮ ከሰዉ መሐል ሆነው ነጩ አበባ የእሳቸው መሆኑን ለጎረቤቶቻቸው ሲናገሩ ይሰማኛል። እኔ በማስተማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ተማሪ ሲያልፍ ሁሉም አስተማሪ ይኮራል። ያቺ ልጅ ግን የጠየቀችኝን ጥያቄ ራሷ መልሳው ነው የቆመችው።

ሰዉ ሲበተን አባትየው ወደ እኔ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር።

"ሰውም እንደዚሁ ነው?" አለኝ።

"ትንሽ ይለያል። አበባው ላይ የተደባለቀው በሮዝነቱ ይታያል። ሰው ላይ ግን ተሸክሞት ኖሮ ቆዳው ላይ ምንም አይታይም። አባትም እናትም ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ።"

"ከእኔም ነው ማለት ነው።"

"ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን እንደዚህ ሆና አትወለድም።"

ወደ ነጮቹ አበቦች ዞረ። "ዘመዶቼ እንዲህ አላሉኝም" አለ።  እኔም አልገፋሁትም፤ ለእኔ የሚናገረው ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ እናትየው ቤት መጣ። ቴፒ ሌላ ትዳር ስለነበረው ሊመለስ አልነበረም የመጣው። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ ይህች ልጅ ልጄ ናት፣ በእናቷ ላይ የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው ብሎ ተናገረ። እናትየው ይቅርታውን እንዳልቸኮሉበት ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቹን ተቀምጠው እንዲጠብቁ አድርገው፣ ኮረሪማቸውን ሸጠው ከገበያ ሲመለሱ ነው መልስ የሰጡት። በኋላ ሲነግሩኝ ሳቁ። "እሱ ብዙ ዓመት አስጠበቀኝ፤ እኔ እስከ ገበያ መልስ ብቻ" አሉኝ።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ማትሪክ ወሰደች። የፈተናው ወረቀት ጽሑፍ ደቃቅ ስለነበር ዳይሬክተሩ ራሳቸው ጅማ ድረስ ጽፈው፣ አጉሊ መነጽር ይዛ እንድትገባ አስፈቅደውላት ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ባዮሎጂዋ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ሆነ። መምህራን ማሠልጠኛ ደረሳት።

የሄደች ቀን ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋት። እናቷ አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ለመንገድ የጠቀለሉላትን ቆጮና ሙዝ ይዘው ቆመዋል። አባቷ ከቴፒ ሌሊቱን በጭነት መኪና መጥቶ ሰፊ ባርኔጣ ገዝቶላታል። የቆርቆሮ ሳጥኗን ተሸክሞ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጣና ራሱ አሰረው። ሲወርድ ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ የቡና ነጋዴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ልጅቷን አይቶ፣ እሱን አይቶ "ይህች የማን ልጅ ናት?" አለው።

"የእኔ ናት" አለ፣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። "አስተማሪ ልትሆን ነው።"

ነጋዴው ራሱን ነቀነቀና ወንበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ፀሐይ በማይመታው በኩል ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ አውቶቡሱ ወደ ቦንጋ መንገድ ዞረ። እኛ ሦስታችን፣ እናትየው በመሐል፣ ዳገቱን እስኪጨርስ ቆመን አየነው።